ችግረኛ ተማሪዎች የሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች በምን ተለይተው ይደጎማሉ?

ጠያቂ፦ የወተመህ አባል፣ ደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። በደሴ ከተማ ዳር በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባል ነኝ። በቅርቡ የትምህርት ቤቱ የድጎማ ብር አጠቃቀም ሲቀርብልን አንድ ጥያቄ አደረብኝ፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም። የትምህርት ቤት ድጎማ የሚታሰበው በተመዘገበው ተማሪ ቁጥርና በክፍል ደረጃው ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ ተማሪዎቻችን በቀን ሥራ፣ በልብስ አጠባና በጉልት ንግድ ከሚተዳደር ቤት የሚመጡ ሆነው ሳለ፣ ለአንዱ ልጅ የሚደርሰው ብር መሀል ፒያሳ ለሚማር የነጋዴ ልጅ ከሚደርሰው ጋር እኩል ነው። እኩልነቱ ባልከፋ፤ ነገር ግን እዚያ ወላጅ አዋጥቶ የፎቶ ኮፒ ማሽን ሲገዛ፣ እኛ ጋ መዋጮ በተነሣ ቁጥር ስብሰባ የሚመጣው ሰው እየቀነሰ ይሄዳል። አንዲት እናት ከስብሰባ በኋላ ጠጋ ብለው «ልጄን ብቻ እንዳታስወጡብኝ፣ የሳምንት ሽያጬን አመጣለሁ» ሲሉኝ የምመልሰው ጠፋኝ።

ሌሎች መንግሥታት እንዲህ ያለውን ትምህርት ቤት የሚለዩት በምንድን ነው? በሰፈሩ ነው ወይስ በልጁ? ተጨማሪው ብር ከመጣ በኋላስ መደበኛው በጀት በዚያው ልክ እንዳይቀነስ ምን ያደርጋሉ?

መልስ 1፦ ጡረተኛ የዕቅድ ባለሙያ፣ ደሴ

እህቴ፣ «በሰፈሩ ነው ወይስ በልጁ» ያሉት የጉዳዩ እምብርት ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

በሰፈር ከሚለዩት አገሮች ደቡብ አፍሪካ ትታወቃለች። ትምህርት ቤቶቿን በአምስት እርከን ትከፍላለች። እርከኑ የሚወጣው ከሕዝብ ቆጠራ በሚገኘው የአካባቢው ገቢ፣ ሥራ አጥነትና የትምህርት ደረጃ ሲሆን፣ ከታች ያሉት ሦስት እርከኖች ከወላጅ ክፍያ አይጠይቁም፤ በምትኩ ከመንግሥት የሚያገኙት ይበልጣል። ዘዴው ቀላልና ርካሽ ነው፤ ማንንም ልጅ ነጥሎ «ድኻ ነህ» አይልም። ጉድለቱ ግን ከባድ ነው፤ ባለጸጋ ሰፈር ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ከሩቅ በሚመጡ የድኻ ልጆች ቢሞላም፣ በአድራሻው ምክንያት የሀብታም ትምህርት ቤት ተብሎ ይቆጠራል። ከገራዶ ተነሥተው ዳገቱን ወጥተው መሀል ከተማ የሚማሩ ልጆችን ስናስብ፣ ይህ ጉድለት ለደሴም ባዕድ እንዳልሆነ እንረዳለን።

በልጅ ከሚለዩት መካከል እንግሊዝ አንዷ ናት። ተጨማሪ ድጎማው እ.ኤ.አ. በ2011 ተጀምሮ፣ ከ2012 ወዲህ ባለፉት 6 ዓመታት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳን ነጻ የትምህርት ቤት ምግብ ይገባው የነበረ እያንዳንዱ ልጅ ለትምህርት ቤቱ ተጨማሪ ገንዘብ ያስገኛል፤ ትምህርት ቤቱም ገንዘቡን በምን ላይ እንዳዋለው በይፋ የመግለጽ ግዴታ አለበት። ስድስት ዓመት መባሉን በጣም እወደዋለሁ። የአንድ ቤተሰብ ገቢ አንድ ዓመት ስለተሻሻለ ልጁ ያለፈው ትምህርት ወዲያው አይመለስለትምና። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ምግብ ለሁሉም ልጅ ነጻ ሲሆን፣ ወላጆች ቅጹን ለመሙላት የነበራቸው ምክንያት ቀነሰ፤ ትምህርት ቤቶችም ገንዘቡ እንዳይቀርባቸው «እባካችሁ ቅጹን ሙሉ» እያሉ መለመን ያዙ። የተማሪ ምገባን በተመለከተ ይህን ልብ ማለት ይገባናል፤ ሁሉም ሲመገብ ደስ ይላል፣ የምገባው መዝገብ ግን ከዚያ በኋላ ችግረኛውን ለይቶ አያሳይም።

ሆላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ለረጅም ዘመን የወላጅን የትምህርት ደረጃ መለኪያ አድርጋ፣ ወላጆቹ ያልተማሩለትን ልጅ ከአንድ በላይ አድርጋ ስትቆጥር ኖራለች። ለእኛ የሚስማማው የዚህ ዓይነቱ ስሌት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ገቢን በደመወዝ ወረቀት ማረጋገጥ በማይቻልበት ከተማ፣ አባትና እናት ስንተኛ ክፍል እንደደረሱ መጠየቅ ይቀላል።

መልስ 2፦ መምህርት፣ ኮምቦልቻ

በልጅ መለየት ትክክል መሆኑን እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ እንዴት እንደምንጠይቅ ካልተጠነቀቅን ልጁን እንጎዳዋለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጧት ክፍለ ጊዜ አንድ ተማሪዬ ራሱን ዴስኩ ላይ ጥሎ ስላየሁት፣ ክፍሉን በሙሉ «ቁርስ የበላችሁ እጃችሁን አውጡ» አልኩ። ያ ልጅ ቀና ብሎ ከሁሉም ቀድሞ እጁን አወጣ። በእረፍት ሰዓት ደብተሩን ሳየው፣ ከፊት ሒሳብ፣ ከኋላ ሳይንስ ይጽፍበታል፤ መሀሉ ላይ ደግሞ የታላቅ እህቱ የእጅ ጽሑፍ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

በየዓመቱ የምንሞላው የትምህርት ስታቲስቲክስ ቅጽ ጾታን፣ ዕድሜን፣ ክፍል መድገምንና የአካል ጉዳትን ይጠይቃል፤ የቤቱን ኑሮ ግን አይጠይቅም። እኛ ጋ ደግሞ የፋብሪካና የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ልጆች ብዙ ናቸው። የቤት ኪራይ ሲጨምር ቤተሰቡ ሰፈር ይቀይራል፣ ልጁም በዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ቤት ይለውጣል። በመስከረም ምዝገባ የተሰላ ብር በየካቲት የመጣውን ልጅ ተከትሎ አይመጣም።

መልስ 3፦ በቀበሌ የሠራ ሰው፣ ደሴ

መምህርት ለተናገሩት መፍትሔ የሚሆን ነገር በእጃችን ያለ ይመስለኛል። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ደሴ አንዷ ነበረች። ተጠቃሚዎች የሚመረጡት በነዋሪው ኮሚቴ ሆኖ፣ የኑሮ መጠይቅ ከተሞላ በኋላ ስማቸው ተለጥፎ ቅሬታ ይሰማል። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም መክፈል የማይችሉት በቀበሌ ተለይተው መዋጮአቸውን መንግሥት ይሸፍናል። እንግዲህ መንግሥት ችግረኛውን ቤተሰብ ሁለት ጊዜ ለይቶ ያውቀዋል፤ ትምህርት ቤቱ ግን ሦስተኛ ጊዜ ልጁን ራሱን እየጠየቀ ያሳፍረዋል።

አሜሪካ ውስጥ ለድኻ ተማሪዎች የሚሰጠው የፌዴራል ድጎማ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው የትምህርት ሕግ ነው። በምገባው በኩል እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሕግ፣ በሌላ የእርዳታ ፕሮግራም አስቀድመው የተመዘገቡ ልጆች በቂ ቁጥር ካላቸው፣ ትምህርት ቤቱ ከወላጅ ቅጽ ሳይሰበስብ ሁሉንም እንዲመግብ ፈቀደ፤ መነሻው መጠንም እ.ኤ.አ. በ2023 ከ40 በመቶ ወደ 25 በመቶ ዝቅ ብሏል። መዝገብን ከመዝገብ ጋር ማስተያየት ማለት ይህ ነው። እኛም ጋ ቀበሌው ለትምህርት ቤቱ የልጆቹን ስም ሳይሆን ቁጥሩን ብቻ ቢሰጥ ምስጢሩም ይጠበቃል።

ሁለት ነገር ግን ልጨምር። ሴፍቲኔት በየጊዜው ተጠቃሚዎችን እያስመረቀ ስለሚያስወጣ፣ የእንግሊዞቹን የስድስት ዓመት ዘዴ ካልያዝን ቁጥሩ ያለ አግባብ ይወርዳል። ከዚህም በላይ የቀበሌ መታወቂያ የሌላቸው ተፈናቃዮች በሁለቱም መዝገብ ላይገኙ ይችላሉ።

መልስ 4፦ ርእሰ መምህር

ስለ በጀት መተካካት ያነሡት ጥያቄ ሳይመለስ እንዳያልፍ። በአሜሪካው የድኻ ተማሪዎች ድጎማ ሕግ ተጨማሪው ገንዘብ መደበኛውን በጀት እንዳይተካ በግልጽ የተከለከለ ከመሆኑም ሌላ፣ ድጎማው ከመታከሉ በፊት የድኻው ትምህርት ቤት አገልግሎት ከሌሎቹ ጋር ተመጣጣኝ መሆኑ መታየት አለበት። ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ለእኛ እጅግ ያስፈልገናል። የትምህርት በጀታችን አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ ልምድ ያለው መምህር ደግሞ በዝውውር ወደ መሀል ከተማ ይሄዳል፣ አዲስ ተመራቂው ዳር ላይ ይመደባል። ከፍ ያለው ደመወዝ መምህሩን ተከትሎ ስለሚሄድ፣ ማንም ሳይወስንበት መሀል ከተማ ያለው ትምህርት ቤት ለአንድ ተማሪ የበለጠ ብር ያገኛል ማለት ነው። የጠመኔውንና የደብተሩን ብር እያነጻጸርን ይህን ትልቁን ልዩነት ሳናየው እንኖራለን።

በኢንስፔክሽን ደረጃ ይለይ የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ ዝቅተኛው ደረጃ 1 የሆነው ቅድሚያ ያግኝ ይላሉ። አልስማማም። ምዘናው ግብዓትን ብቻ ሳይሆን ሂደትንና ውጤትንም ስለሚመዝን፣ በችግር ውስጥ ሆኖ ጥሮ ግሮ ደረጃ 3 የደረሰ ትምህርት ቤት በጥረቱ ምክንያት ድጎማውን ያጣል። ድጎማው ሊታይ የሚገባው ልጆቹ ይዘውት በሚመጡት ችግር ልክ ነው።

ጠያቂ፦ የወተመህ አባል፣ ደሴ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቀበሌው ቁጥሩን ብቻ እንዲሰጠን ማመልከቻ እንዲጻፍ በሚቀጥለው ስብሰባ አቀርባለሁ፤ የመምህራኑን የአገልግሎት ዘመንም ርእሰ መምህራችን አጠናቅረው እንዲያሳዩን እጠይቃለሁ። የቸገረኝ የተፈናቃይ ልጆች ጉዳይ ነው። በየትኛውም መዝገብ ካልተገኙ በምን እንቁጠራቸው?

መልስ 5፦ መምህርት፣ ኮምቦልቻ

የመመዝገቢያ ማኅደሩን ተመልከቱ፣ እህቴ። ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ የመልቀቂያ ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ ቤታቸውን ጥለው የመጡት ግን ብዙዎቹ ያለ መልቀቂያ፣ በወላጅ ቃልና በመምህር ምዘና ክፍል ተመድበው የገቡ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ከጦርነቱ በኋላ ትምህርት ሲከፈት እኛ የቆጠርናቸው በዚህ ነበር። መዝጋቢዋ በየስማቸው አጠገብ በእርሳስ ትንሽ ምልክት ታደርግ ነበር፤ ልጆቹ አላወቁትም፣ ቁጥሩ ግን ለጽሕፈት ቤቱ ደርሷል።