በገናን በስልክ ለመቅረጽ፦ የሚቀየረው ማይኩ ነው ወይስ አፑ?

የበገና ደቀ መዝሙር
ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። አያቴ በገና ይደረድራሉ፤ ዕድሜያቸው የገፋ በመሆኑ ድርደራቸውንም ሆነ ስለ ተማሩበት ዘመን የሚያጫውቱንን ወግ ለቤተሰቡ ለማስቀረት በስልኬ መቅረጽ ጀምሬአለሁ። ስልኬ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያለው ሳምሰንግ ሲሆን፣ የምጠቀመውም አብሮት በመጣው መቅረጫ ነው። ወጋቸው ጥርት ብሎ ይሰማል፤ በገናው ግን ሌላ መሣሪያ ይመስላል። አውታሩ ሲመታ ጎልቶ ይወጣና ወዲያው ይታፈናል፣ የእንዚራው (ከአውታሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ንዝረት እየተቆራረጠ ይጠፋል፣ ድርደራው ጋብ ሲል ደግሞ ከውጭ የሚመጣው የመኪና ድምፅ እየጎላ ይሄዳል። የአክስቴ ልጅ ዶልቢ ኦን የተባለውን አፕ እንድጭን፣ አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ደረት ላይ የሚሰካ ገመድ አልባ ማይክ እንድገዛ መክረውኛል። ገንዘቤ ውስን ስለሆነ፣ ከመግዛቴ በፊት ችግሩ የማይኩ ይሁን የአፑ የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ድምፅ ቀራጭ
ከገለጹት ምልክት ስነሣ ችግሩ ከማይኩ አይመስለኝም። ስልክ ከሁሉ በፊት ለንግግር የተሠራ ዕቃ በመሆኑ ሳንጠይቀው ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛው፣ የጎላውን ድምፅ ዝቅ፣ ያነሰውን ከፍ ማድረግ ሲሆን፣ ድርደራው ጋብ ሲል መኪናው የሚጎላው በዚህ የተነሣ ነው። ሁለተኛው ሁካታ ማጥፊያው ነው፤ እርሱም ንግግር የማይመስለውንና ሳይለዋወጥ የሚቆየውን ድምፅ ሁሉ እንደ ማራገቢያ ወይም እንደ ፍሪጅ ጩኸት ቆጥሮ ይቀንሰዋል። በአውታሩና በብርኩማው (አውታሮቹ በሚያርፉበት እንጨት) መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ የሚፈጥረው ያ ረጅም ንዝረት፣ የበገናው ነፍስ ቢሆንም፣ ለዚህ ማጥፊያ ከፍሪጅ አይለይም። ስለዚህ ውድ ማይክ ቢሰኩም ድምፁ በዚሁ ማጣሪያ ካለፈ ትርፉ ትንሽ ነው።

ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ አንድ አፕ ያልተነካውን ድምፅ በቀጥታ ከማይኩ ለመውሰድ የሚጠይቅበት መንገድ አለ፤ ይህን የማይደግፉ ስልኮች መኖራቸው ግን አይካድም። ኢዚ ቮይስ ሪከርደር የተባለው መቅረጫ አፕ ለሙዚቃና ላልተነካ ድምፅ የተዘጋጀ ምርጫ ስላለው በእርሱ ይጀምሩ፤ ዝምታን የሚዘልለው ቅንብር መጥፋቱንም ያረጋግጡ፣ አለበለዚያ በአንድ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ጊዜ ይበላብዎታል። ፋይሉ በዋቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ዓይነት)፣ በ48 ኪሎ ኸርዝ ይሁን፤ በሞኖና በ16 ቢት አንድ ሰዓቱ 350 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ኤኤምአር የሚለውን የፋይል ዓይነት አይምረጡ፤ የተለመደው ዓይነቱ ከ4 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን ሁሉ ስለሚቆርጥ ድምፁ ከስልክ ጥሪ አይሻልም። ዶልቢ ኦን ደግሞ ድምፅን በራሱ ለማሳመር የተሠራ ነው፤ ዘፈን ቀርጾ ቶሎ ለወዳጅ ለመላክ ይመቻል እንጂ ለእርስዎ ዓላማ አልመክረውም።

ለመፈተሽ፣ አያትዎን አንድ አውታር ብቻ መትተው ድምፁ እስኪያልቅ እንዲጠብቁ ይለምኗቸው። በቅጂው ላይ ድምፁ ቀስ እያለ ከጠፋ ማጣሪያው ተነሥቷል፤ በድንገት ከተቆረጠ አሁንም እየሠራ ነው።

ጠጋኙ
በአፑ ጉዳይ እስማማለሁ። ማይክ መግዛት የግድ ከሆነ ግን ባለ ገመዱን ይምረጡ። ቦያ ኤም 1 የተባለው 6 ሜትር ገመድ ያለው ሲሆን፣ ስልክና ካሜራ የሚለይ ማብሪያ አለው፤ ማብሪያው በስልክ በኩል ሲሆን ባትሪ አይጠይቅም። ሌላ ዓይነት ካጋጠመዎት መሰኪያው ላይ ያሉትን ቀለበቶች ይቁጠሩ፤ ሦስት ከሆኑ ለስልክ፣ ሁለት ከሆኑ ለካሜራ የተሠራ ነው። ይህን ሳያዩ ገዝተው «ማይኩ አይሠራም» ብለው የሚመልሱ ደንበኞች ብዙ ናቸው፤ ማይኩ ደኅና ነው፣ ስልኩ ግን ስለማያውቀው በራሱ ማይክ እየቀረጸ ነው። እየቀረጹ የማይኩን ጫፍ በጥፍርዎ ፋቅ ሲያደርጉት ቅጂው ላይ ጎልቶ ካልተሰማ የሚቀርጸው እርሱ አይደለም።

ለወጉ ደረታቸው ላይ ይስኩላቸው። ለድርደራው ግን ከደረት አውርደው ከፊት ለፊት አንድ ሜትር ያህል አርቀው፣ በአፋቸውና በገበቴው (የበገናው የድምፅ ሣጥን) መካከል ባለው ከፍታ ያቁሙት።

ዘወትር አድማጭ
አንድ ሜትር የሚለው አልተስማማኝም። ግድግዳው ባዶ፣ ወለሉ ሴራሚክ በሆነ ክፍል ውስጥ በዚያ ርቀት የሚቀረጸው የክፍሉ ማስተጋባት ነው። ወደ ግማሽ ሜትር ይጠጉ፣ መጋረጃ ይዝጉ፣ ጋቢም ሆነ ብርድ ልብስ ከኋላቸው ይስቀሉ። ስልኩንም ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉት፤ በድርደራ መካከል ጥሪ ከገባ ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል።

ገመድ አልባዎቹ ማይኮች ውስጥ ብዙዎቹ የራሳቸው ሁካታ ማጥፊያ አላቸው፤ ማጥፊያው በአዝራር የማይዘጋ ከሆነ ባይገዙት ይሻላል፣ አፑ ላይ ያመለጡትን ችግር ማይኩ ላይ ያገኙታልና። ገንዘብ ከተገኘ የእኔ ምርጫ ማይክ ሳይሆን እንደ ዙም ኤች 1 ኤን ያለ ራሱን የቻለ መቅረጫ ነው፤ የድምፁን መጠን በእጅ አስተካክለው ይተዉታል፣ ማንም አይነካካውም።

የበገና ደቀ መዝሙር
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ምንም ሳልገዛ አፑን ብቻ ቀይሬ አንድ አውታር አስመታኋቸው፤ ንዝረቱ እስከ መጨረሻው ተሰማ። አያቴም በጆሮ ማዳመጫ ሰምተው «አሁን የእኔው ነው» አሉ። ቅጂው ግን ዝቅ ያለ ሆኗል፤ ይህ ጉዳት ነውን? ቀድሞ የቀረጽኳቸውስ ድርደራዎች በኮምፒውተር ሊስተካከሉ ይችላሉን?

ድምፅ ቀራጭ
ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ አሁን የሚያጎላው የለምና። ጉልሁ ምት መቅረጫው ሊይዘው ከሚችለው ከፍተኛ መጠን፣ ማለትም ከጣሪያው፣ እስካልደረሰ ድረስ በኋላ ኦዳሲቲ በተባለው የኮምፒውተር ድምፅ ማስተካከያ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ጣሪያውን ነክቶ የተሰነጠቀ ድምፅ ግን አይጠገንም። አፑ 24 ቢት ከፈቀደልዎ እርሱን ይጠቀሙ፤ ዝቅ ብሎ የተቀረጸን ድምፅ ከፍ ሲያደርጉ ይረዳዎታል። የቀድሞዎቹን በተመለከተ፣ ማጥፊያው የወሰደውን ንዝረት መልሶ የሚያመጣ ፕሮግራም የለም። ወጎቹን እንዳሉ ያስቀምጡ፤ ድርደራዎቹን ግን አያትዎ ፈቃዳቸው ከሆነ እንደገና ይቅረጿቸው።