ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በሳይክል፦ ምን መፍቻ፣ ምን መለዋወጫ ይያዝ?

ጥያቄ | ዳገት ወዳጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ሆነን በሞጆ፣ በመቂ፣ በዝዋይ አድርገን ሐዋሳ ልንገባ ነው። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሦስት ቀን፤ የሚከተለን መኪና የለም። ሁለቱ ሳይክሎች ማውንቴን ናቸው፦ ጎማቸው 26 በ1.95፣ ቫልቫቸው የመኪና ዓይነት፣ ኋላቸው 8 ማርሽ። ሦስተኛው ኮርስ ነው፦ ጎማው 700 በ28፣ ቫልቩ ቀጭኑ ፕሬስታ፣ ኋላው 11 ማርሽ።

አንድ ወዳጃችን "በየከተማው ጎሚስታ ሞልቷል፣ ፓምፕና አንድ ከመነዳሪ ይዛችሁ ውጡ" ይለናል። ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን ዝርዝር በሙሉ ከጫንን ደግሞ ሳይክሉ የጭነት አህያ ሊሆን ነው። የቱ ይያዝ፣ የቱ ይቅር?

መልስ | ቸርኬ

ጎሚስታው አየር ይሰጣችኋል፤ ዕቃ ግን ከእሱ አትጠብቁ። 26ቱ የተለመደ ቁጥር ስለሆነ ትልልቆቹ ከተሞች ላይ ከመነዳሪው ሊገኝ ይችላል። የኮርሱን ግን መንገድ ላይ እንገዛለን ብላችሁ አትውጡ።

ስለዚህ ከመነዳሪ በሰው ብዛት አይቆጠርም፣ በጎማ ቁጥር ነው፦ ለሁለቱ ማውንቴኖች በጋራ ሦስት፣ ለኮርሱ ለብቻው ሁለት። መዋዋስ አይቻልም። የመኪናው ዓይነት ቫልቭ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የኮርሱ ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበት ክብ ብረት) ቀዳዳ 6.5 ስለሆነ አያስገባውም። የፕሬስታውን ርዝመትም እዩ። ቸርኬው ጠለቅ ያለ ከሆነ የ40 ሚሊ ሜትሩ ጫፉ ብቻ ብቅ ይልና ፓምፑ አይነክሰውም፤ 60 ግዙ። ትርፉን ከመነዳሪ ከመፍቻ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ እንዲሁ አትወርውሩት፤ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ብረቱ ይፈትገውና በችግር ሰዓት ስታወጡት ቀድሞ ተበስቶ ታገኙታላችሁ። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ክተቱት።

ጎሚስታ ቤት ስትገቡ የኮምፕሬሰሩ አፍ የሚገጥመው የመኪና ቫልቭ ላይ ብቻ መሆኑን አስቡ። ለዚህ ፕሬስታው ላይ የምትጠመዘዝ ትንሽ የናስ መቀየሪያ አለች። ሁለት ያዙ፣ ትጠፋለች። ያ ኮምፕሬሰር ደግሞ የአይሱዙ ጎማ የሚነፋ ነው፤ የሳይክል ጎማ በሰከንዶች ውስጥ ያፈነዳል። ልጁ ጫን ለቀቅ እያደረገ ይንፋ፣ እናንተ በአውራ ጣት እየተጫናችሁ ተቆጣጠሩ። የጎማው ጠርዝ ከቸርኬው ሲሸሽ ካያችሁ ወዲያው አስተንፍሱት። "በእሳት ልተኩስልህ" ካላችሁም አመስግናችሁ እለፉ፤ የሳይክል ከመነዳሪ ግድግዳው 1 ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ሙቀቱን አይችልም።

ፓምፑ ባለ ቱቦ ይሁን። ቫልቩ ላይ በቀጥታ የሚሰካው ሲነፋ እያወዛወዘ የፕሬስታውን ጫፍ ያጣምማል ወይም ቫልቩን ከሥሩ ይገነጥላል። በትንሽ የእጅ ፓምፕ 28ቱን ጎማ 80 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ለማድረስ 200 ጊዜ ገደማ መግፋት አለ፤ ሦስት ስለሆናችሁ ተቀባበሉ። ለ26ቱ ከ40 እስከ 45 ይበቃል።

መልስ | እሾህ ነቃይ

ቸርኬ ያለው ልክ ነው፣ ግን የቀደደውን ነገር ሳያወጡ አዲስ ከመነዳሪ የሚያስገቡ ሰዎች አምስቱንም በአንድ ቀን ይጨርሱታል። ሞጆን አልፋችሁ ወደ ደቡብ ስትታጠፉ የግራር አገር ነው። ከእሾሁ የሚብሰው ግን የፈነዳ የከባድ መኪና ጎማ ሽቦ ነው። እየተበጣጠሰ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ይበተናል፤ ፀጉር ያክላል፣ ጎማውን ሰንጥቆ ይገባና ከውጭ ምንም አይታይም።

ከቤት ሳትወጡ ጎማውን ስትገጥሙ፣ የአምራቹ ስም የተጻፈበትን ቦታ ልክ ከቫልቩ ትይዩ አድርጉት። ሲተነፍስ ከመነዳሪውን አውጥታችሁ ንፉና ቀዳዳውን ፈልጉ። በጆሮ ካልተሰማ ከንፈር አጠገብ እያዞራችሁ አሳልፉት፤ ጣት የማይሰማውን ንፋስ ከንፈር ይሰማዋል። ቀዳዳው ከቫልቩ አንድ ስንዝር ርቆ ከተገኘ፣ ሽቦውም ከጽሑፉ አንድ ስንዝር ላይ አለ፤ ግራ ይሁን ቀኝ ስለማይታወቅ ሁለቱንም እዩ። የጎማውን ውስጥ በባዶ ጣት አትዳብሱት። ጥጥ ወይም ሻሽ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አብሱት፤ ጥጡ ክር የሚጥልበት ቦታ ላይ ሽቦው ቆሟል። በወረንጦ ሳቡት። ወረንጦ በሳይክል ዝርዝር ውስጥ ማንም አይጽፈውም፣ በዚህ መንገድ ላይ ግን ከካቻቢቴ ይበልጣል።

ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካያችሁ እሾህ አትፈልጉ፤ አየሩ አንሶ ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ላይ ጎማው ከቸርኬው ጋር ተጣብቆ ነው የተነከሰው። ቀዳዳው በውስጥ በኩል፣ በቸርኬው ፊት ከሆነ፣ የራጂዎቹን (ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር የሚይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች) ጫፍ የሚሸፍነው ጥብጣብ ሸሽቷል፤ መልሱትና በፕላስተር ያዙት።

ጎማው ራሱ ጎኑ ላይ ከተቀደደ ከመነዳሪው በስንጥቁ ወጥቶ ይፈነዳል። ለዚህ ከአሮጌ ቀጭን ጎማ 4 በ6 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ያዙ፣ በውስጥ በኩል ይደገፋል። የጥርስ ሳሙና ቱቦ ቁራጭም ይሠራል። የውኃ ላስቲክ ጠርሙስ ግን ጠርዙ ስለት ስለሆነ ራሱ ይቆርጣል።

ጎማ ማውጫው ሌቫ የፕላስቲክ ይሁን፤ ሁለት ይበቃል፣ አንድ ትርፍ። ካቻቢቴ ጎማው ውስጥ የከተተ ሰው ሁለተኛ ቀዳዳ በእጁ ሠራ ማለት ነው።

ዳገት ወዳጅ

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ማስቲሽ የማይፈልገው ተለጣፊ ልጣፍ አይበቃም ወይ? በካርቦን ዳይኦክሳይድ የምትነፋዋ ትንሽ ሲሊንደርስ? ደግሞ ወደ ስምጥ ሸለቆ ስንወርድ በከፍታው ለውጥ ጎማው ይላላል የሚል ሰው አለ።

መልስ | እሾህ ነቃይ

ተለጣፊው ለ26ቱ ቀኑን ሊያወጣ ይችላል። ኮርሱ ላይ፣ በ80 ፒኤስአይና በዝዋይ ፀሐይ፣ ጠርዙ ይነሳል። ለመጠባበቂያ አራት አምስት ያዙ፣ ዋናው ግን በማስቲሽ ይሁን።

ማስቲሽ የማይዝለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቸኩሎ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ከልጣፉ ሰፋ አድርጋችሁ ፈትጉ፤ ከመነዳሪው ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው መስመር ቀዳዳው አጠገብ ካለ እሱም ይላግ፣ አለዚያ አየሩ በሥሩ ያመልጣል። ስስ አድርጋችሁ ቀቡና ተዉት። አምስት ደቂቃ ያህል፣ ማብረቅረቁ እስኪጠፋና ጣት ሲነካው እስከማይነሳ ድረስ። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ ልጣፍ ይንሸራተታል። ከዚያ በሌቫው ጀርባ አጥብቃችሁ ጫኑት። አንዴ የተከፈተ የማስቲሽ ቱቦ ውስጡ ስለሚደርቅ፣ ያልተከፈተ ይዛችሁ ውጡ።

ጋዟን ተዉአት። 16 ግራሟ ሲሊንደር የኮርሱን ጎማ አንድ ጊዜ ትሞላለች፤ አፏ በደንብ ካልገጠመ ጋዙ በአየር ላይ ይቀራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በላስቲኩ ውስጥ ከተራ አየር ቶሎ ስለሚያልፍ ጠዋት ስትነሱም ጎማው ልል ሆኖ ይጠብቃችኋል። ለውድድር ነው የተሠራችው።

የከፍታው ጉዳይ እውነት ነው፣ ግን 1 ፒኤስአይ ቢሆን ነው። የቀኑ ሙቀት ያካክሰዋል።

መልስ | ካቴና

ሰንሰለቱን ማንም አላነሳውም። የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ ዳገት ላይ ተቆሞ ሲገፋ፣ በዚያው መሃል ማርሽ ሲቀየር ነው። የሚያስፈልጉት ፒኑን ገፍቶ የሚያወጣ መፍቻና በእጅ የምትገጠመዋ ማያያዣ ናቸው። ማያያዣዋ በማርሹ ቁጥር ነው የምትገዛው፦ የ8ቱ ሰንሰለት ስፋቱ 7.1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የ11ዱ 5.5 አካባቢ። ከእያንዳንዱ ሁለት ያዙ፤ ክብሪት ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። የተጎዳውን ቁራጭ ስታወጡ ሁለቱም የቀሩት ጫፎች ጠባቡ፣ ውስጠኛው ዓይን መሆን አለባቸው፤ አንዱ ሰፊ ከቀረ ማያያዣዋ አትገባም። ሰንሰለቱ ስላጠረ ከዚያ በኋላ የፊቱን ትልቅ ጥርስ ከኋላው ትልቅ ጋር አታገናኙ፤ ማርሽ ቀያሪውን ይነቅለዋል።

ማርሽ ቀያሪው የተንጠለጠለባትን የአሉሚኒየም ጆሮ ለየሳይክሉ አንዳንድ ግዙ። እንድትሰበር ተብላ የተሠራች ናት፣ ፍሬሙ እንዲተርፍ። ቅርጿ ከሳይክል ሳይክል ስለሚለያይ አሮጌዋን ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱና አመሳስላችሁ ግዙ። ሳይክሉን ስታስተኙ በግራ ጎኑ ይሁን፤ በቀኝ ከወደቀ መጀመሪያ የምትጣመመው እሷ ናት፣ ከዚያ ወደ ትልቁ ማርሽ ሲቀየር ቀያሪው ራጂ ውስጥ ይገባል።

መፍቻ፦ ባለ ብዙ አለንኪ (ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ) አንዱ ይበቃል። አብዛኛው ሥራ በ4፣ በ5 እና በ6 ያልቃል፤ የዲስክ ፍሬን ካለ ባለ ኮከቡ 25ም ይኑርበት። ማውንቴኖቹ ጎማቸው በዳዶ የታሰረ ከሆነ ግን አለንኪ አያድናችሁም፣ የ15 ቁልፍ ያስፈልጋል። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፤ አምስት ከመነዳሪ ይዞ ጎማውን ማውለቅ አይችልም።

የፔዳሉን ክንድ ብሎን ከመውጣታችሁ በፊት አጥብቁት፣ በተለይ የግራውን። ላልቶ እየተነዳ 10 ኪሎ ሜትር ከሄደ አራት ማዕዘን የሆነው ቀዳዳ ይከበባል፤ ከዚያ ቢጠብቅም አይዝም። የግራ ፔዳል ጥርሱ ተቃራኒ መሆኑንም አትርሱ።

የፍሬን ካቦ ሁለት ዓይነት ነው፦ የማውንቴኑ ጫፍ በርሜል ይመስላል፣ የኮርሱ የእንባ ጠብታ። በሁለቱ ጫፍ ሁለቱን የያዘ ካቦ ካገኛችሁ አንድ ለሁሉም ይበቃል፤ የማይፈለገውን ጫፍ እቤት አትቁረጡ፣ ፒንሳ ያዙ። ራጂ አትያዙ። አንዱ ቢሰበር ከጎረቤቱ ጋር በፕላስተር እሰሩትና ቸርኬው ፍሬኑን እንዳይነካ ፍሬኑን አላሉ። ፕላስተሩን ለብቻ ጥቅል አድርጋችሁ አትሸከሙት፣ ፓምፑ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ጠቅልሉ። የፕላስቲክ ማሰሪያም አስር ያህል።

መልስ | ቸርኬ

ስለ ጭነቱ፦ ከመነዳሪ፣ ሌቫና ማያያዣ እያንዳንዱ ለራሱ። ፓምፕ ሁለት፣ አንዱ ከፊት የሚነዳው ጋ፣ አንዱ ከኋላ የሚቀረው ጋ። የሰንሰለት መፍቻ፣ 15 ቁልፍ፣ ማስቲሽና ካቦ በጋራ አንድ ቦርሳ፤ ያ ቦርሳ መጨረሻ የሚነዳው ላይ ይሁን፣ አለዚያ የተበላሸበት ሰው ቆሞ ሲጣራ መፍቻው ሞጆ ገብቷል።

መልስ | ካቴና

አንድ ልጨምር። ከመውጣታችሁ ሁለት ቀን በፊት ግቢ ውስጥ፣ ቤት ያለውን መፍቻ ሳትነኩ፣ ቦርሳው ውስጥ ባለው ብቻ የሁሉንም ሳይክል የኋላ ጎማ አውልቃችሁ ግጠሙ። ያልተፈታ ዳዶ ካለ የትኛው ቁልፍ እንደጎደለ ያኔ ታውቃላችሁ፤ ፒያሳ ወርዶ ለመግዛትም አንድ ቀን ይቀራችኋል።