እንጀራ «ፕሮባዮቲክ» ነው ማለት ትክክል ነው? (ክርክር)

አብሲት፦
ሰሞኑን «እንጀራ ፕሮባዮቲክ (ለጤና የሚጠቅም ሕያው ተሕዋስያን ያለበት) ነው፤ ሕያው ባክቴሪያ ስላለው የአንጀት ብግነትን ይፈውሳል» የሚል አባባል ከአፍ ወደ አፍ እየዞረ ነው። አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ሊጡ ውስጥ ላክቶባሲለስ የተባለው አኮምጣጭ ባክቴሪያና እርሾ ሞልቷል፤ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ሲወርድ ይኮመጥጣል) ወደ 4 ገደማ ይወርዳል። ግን ምጣድ ላይ ተሰፍቶ አከንባሎው ሲገጠምበት፣ እንፋሎቱ ሊጡን ወደ መፍያው ሙቀት ያደርሰዋል። ላክቶባሲለስ ያንን አይችልም። መሶብ ላይ የሚቀርበው የሞተ ባክቴሪያና ኮምጣጣው ጣዕም ነው።

ቀሰም፦
በዚህስ አልከራከርም። የእንጀራ ጥቅሙ ግን ባክቴሪያ ማስገባቱ ሳይሆን ያሉትን መቀለቡ ነው። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 8 ግራም ያህል ፋይበር (አሰር) አለው። ትንሹ አንጀት አይፈጨውም፤ ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው ቡቲሬት ወደተባለ አሲድ የሚለውጡት፣ የአንጀት ግድግዳ ሕዋሳትም ዋና ማገዶ እሱ ነው። በ2015 በወጣ ጥናት 20 ጥቁር አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎች ለ2 ሳምንት ምግብ ተቀያየሩ። የአሜሪካውያኑ ፋይበር በቀን ከ14 ወደ 55 ግራም ሲያድግ ቡቲሬት ጨመረ፣ የብግነት ምልክቱም ቀነሰ። ገጠሬዎቹ ላይ የሆነው ተገላቢጦሹ ነው።

አብሲት፦
ታዲያ የ2021ዱን የስታንፎርድ ጥናት ምን ሊሉት ነው? 36 ጤነኛ ሰዎች ነበሩ። እርጎና ኪምቺን የመሰለ የቦካ ምግብ የበሉት የባክቴሪያ ዓይነታቸው በዛ፤ በደም ውስጥ 19 የብግነት ፕሮቲኖች ቀነሱ። ፋይበር የጨመሩት ግን የባክቴሪያ ዓይነታቸው አልበዛም። ሕያው ባክቴሪያ እዚህ ግባ የማይባል ነገር አይደለም።

ቀሰም፦
ፋይበሩ ሲመጣ የሚፈጨው ባክቴሪያ ከሌለስ? በ2018 ሚኒሶታ ውስጥ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ የህሞንግና የካረን ሕዝብ ስደተኞች ሲጠኑ፣ አሜሪካ ከገቡ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ፋይበር ፈጪው ባክቴሪያ ፕሪቮቴላ ባክቴሮይድስ ለተባለ ሌላ የአንጀት ባክቴሪያ ቦታ መልቀቅ ጀምሯል። እርሻው ጠፍ ሆኖ ማዳበሪያ ቢበተን ምን ይበቅላል? ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ሐኪሙ፦
የእኛንም ሰው አንርሳ። እስራኤል በገቡት ቤተ እስራኤል መካከል ዓይነት 1 የስኳር በሽታና የክሮን በሽታ (ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት) የቆይታ ዘመናቸው በጨመረ ቁጥር በርክቷል። ጥፋቱን ሁሉ በምግብ ላይ መጫን ግን ስሕተት ነው፤ አንቲባዮቲክ፣ የወሊድ መንገድና የልጅነት ኢንፌክሽን መቀነስም አብረው ይመጣሉ።

ደግሞ ለሁሉም «ፋይበር ብላ» አይባልም። ክሮን አንጀቱን ያጠበበት ሰው የሽምብራ ቆሎና ልጣጩ ያልወጣ ባቄላ ቢበላ አንጀቱ ሊዘጋ ይችላል። በጤነኛው ላይም በአንድ ጊዜ መጨመር ሆድ ይነፋል፤ በሳምንት 5 ግራም ያህል እየጨመሩ ውኃም አብሮ ማብዛት ይሻላል።

አብሲት፦
እንግዲያው ሕያው ባክቴሪያ የሚፈልግ ሰው ስልጆን ያስብ። በሱፍ ውኃ የተገነፋው የባቄላ ዱቄት ከቀዘቀዘ በኋላ ሰናፍጭ ይገባበታል፤ ለቀናት ይቦካል፤ ሲበላም ዳግም እሳት አያይም። ለጾመኛም ይሆናል።

ሐኪሙ፦
ስልጆው ላይ እስማማለሁ፣ እርጎው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከጥሬ ወተት የሚረጋ እርጎ ብሩሴላን (ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ) አይገድልም፤ አዛቲዮፕሪን ወይም ኢንፍሊክሲማብ የተባሉትን የሰውነት መከላከያ የሚያዳክሙ መድኃኒቶች ለሚወስድ ሰው ደግሞ አደጋው ይብሳል። ወተቱ በደንብ ይፈላ፤ 42 ዲግሪ ገደማ እስኪሆን፣ ማለትም ጣት ሳያቃጥል ሞቅ እስኪል፣ ይቀዝቅዝ። ለ1 ሊትር 2 የሾርባ ማንኪያ እርጎ ይጨመርና ከ6 እስከ 8 ሰዓት በፎጣ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ሳይቀዘቅዝ ከተጨመረ እርሾው ይሞታል፤ በጣም ከቀዘቀዘ ደግሞ ሳይረጋ ያድራል።