የሰሜን ባሕርን ዓሣ የሚቆጥሩት እንዴት ነው?

የፒተርሄዱ ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። ስኮትላንድ ውስጥ ዓሣ ማቀነባበሪያ ነው የምሠራው። እዚህ አጥማጆቹ ፊት የጥናት መርከብ ከተነሣ ደማቸው ይፈላል፤ «ዓሣ በሌለበት መረብ እየጣሉ ዓሣ አለቀ ይሉናል» ባይ ናቸው። እውነት ነው እንዴ? በእንዲህ ዓይነት መርከብ የሄደ አለ?

ከቤርገን፦
እኔ አለሁ ወንድሜ። ሁለት ጊዜ፣ ጥር ላይ፣ ለልኬት ሥራ ወጥቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ባልዲ አቅፌ ስላሳለፍኳቸው አትቁጠርብኝ።

አጥማጆቹ ግማሽ እውነት አላቸው። ዓሣ በሌለበትም ይጣላል። ባሕሩ ካርታ ላይ በአራት ማዕዘን ተሸንሽኗል፣ የአንዱ ቁመት 30 የባሕር ማይል ነው። ጎረቤት አገሮች ተከፋፍለው ይጥሉበታል፤ መረቡ የሁሉም አንድ ዓይነት፣ ፍጥነቱ 4 ኖት (በሰዓት 4 የባሕር ማይል)፣ ጊዜው 30 ደቂቃ። አጥማጅ እኮ ዓሣ ያለበትን አድኖ ነው የሚሄደው፤ ባሕሩ ቢራቆት እንኳ የቀረችው መንጋ ላይ ጥሎ መረቡን ይሞላል።

አንድ ቀን መረቡ ጥቂት የባሕር ኮከብና አንድ የጎማ ጓንት ይዞ ወጣ። እኔ ሳቅሁ። አለቃችን ግን ኮድ ከሚለው የዓሣ ስም ትይዩ 0 ጻፈችና «ቀጥሉ» አለች።

የኔ ሥራ ዕድሜ ነበር። የኮዱን ጭንቅላት በቢላ ከፍተህ፣ በወረንጦ ሁለት ነጫጭ የጆሮ ጠጠሮች ታወጣለህ። በረዶ በያዘው ጣት! ጠጠሯ ስትሰበር እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት አላት፤ ዕድሜው ከዚያ ይቆጠራል። መረጃው ኮፐንሃገን ላለው፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ለተቋቋመው ዓለም አቀፍ የባሕር ምርምር ምክር ቤት ይገባል፤ ስንት ዓሣ ይጠመድ የሚለው የኮታ ምክር የሚመጣው ከሱ ነው።

ጣና ዳር፦
በድምፅ ሞገድ የሚያይ መሣሪያ እያለ መረብ ምን ያደርጋል?

ከቤርገን፦
መሣሪያውም አለ። ድምፁን አጉልቶ የሚመልሰው ግን ዓሣው ሆድ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ነው። ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ አለው፣ ደምቆ ይታያል። ማከሬል የሚባለው የለውም፣ ምልክቱ ደካማ ነው። ዕድሜን ደግሞ ድምፅ አይነግርህም።

የፒተርሄዱ ልጅ፦
በሻይ ሰዓት ለአንድ ሽማግሌ አጥማጅ ነገርኩት። «መረባቸውኮ የድሮ ነው» አለኝ።

ከቤርገን፦
ነው፤ እኔም ስጠግነው ረግሜዋለሁ። ግን ከቀየሩት የዘንድሮውን ከአምናው በምን ያወዳድሩታል?

የፒተርሄዱ ልጅ፦
ይህንንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና፣ «ያቺን ዜሮ የጻፏት የት ጋ ነው?» አለኝ።