ለኤምጂቢ ሞተር እድሳት፦ የካምሻፍትና የኮምፕሬሽን ሬሾ ምርጫ

ባለኤምጂቢ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የ1967 ኤምጂቢ (የእንግሊዝ ስፖርት መኪና) መኪናዬን ሞተር አውርጄ ሙሉ እድሳት እያደረግሁለት ነው። ሞተሩ 1798 ሲሲ ሲሆን የሲሊንደሩ ዲያሜትር 80.26 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምት ደግሞ 88.9 ሚሊሜትር ነው። ሲሊንደሮቹ ብዙም ስላልተበሉ በነበሩበት ልክ ይቀጥላሉ። የካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ጉብታዎች ግን ስለተበሉ መቀየሩ ግድ ነው፤ እግረ መንገዴንም ከፋብሪካው ጠንከር ያለ ካምሻፍት ለመግጠም አስቤያለሁ። የታሰበው ባለ 284 ዲግሪ (ቫልቩ ተከፍቶ ሳለ ክራንክ ሻፍቱ የሚዞረው መጠን) ሲሆን ማስገቢያ ቫልቩን የሚዘጋው ፒስተኑ የታችኛውን ሙት ነጥብ (የጉዞውን ታችኛ ጫፍ) ካለፈ ከ70 ዲግሪ በኋላ ነው። የፋብሪካው ባለ 252 ዲግሪ ሆኖ በ56 ዲግሪ ላይ ይዘጋል።

ጥያቄዬ የኮምፕሬሽን ሬሾውን (ድብልቁ ስንት እጅ እንደሚጨመቅ) ይመለከታል። አንዱ መካሪዬ የነበረውን 8.8 አትንካው ይለኛል፤ ሌላው ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) አስልገህ 10.5 አድርሰው ይለኛል። የምጠቀመው ባለ 95 ኦክቴን (ማንኳኳትን የመቋቋም መለኪያ) ቤንዚን ነው። መኪናውን ለውድድር ሳይሆን ለረጅም መንገድና ለከተማ ነው የምነዳው።

ቶርኖ ቤት

ሁለቱም መካሪዎችዎ ቁጥሩን ከካምሻፍቱ ነጥለው ነው የተመለከቱት። በመጽሐፍ ላይ የሚጻፈው ሬሾ ፒስተኑ ከታችኛው ሙት ነጥብ ጀምሮ ጋዙን እንደሚጨምቅ አድርጎ የሚሰላ ነው። በተግባር ግን ማስገቢያ ቫልቩ እስኪዘጋ ድረስ መጨመቅ የሚባል ነገር አይጀመርም፤ በዝቅተኛ ዙር ላይ ፒስተኑ ወደ ላይ በተጓዘ ቁጥር የገባው ድብልቅ በተከፈተው ቫልቭ በኩል ወደ ካርቡራቶሩ አቅጣጫ ይመለሳል። ስለዚህ ቫልቩ በዘገየ መጠን ሲሊንደሩ ውስጥ የሚቀረው ድብልቅ ያንሳል፣ የሚፈጠረው ግፊትም ይቀንሳል ማለት ነው። በከፍተኛ ዙር ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል፤ በፍጥነት የሚገባው አየር ባለው ግስጋሴ ምክንያት ፒስተኑ መውጣት ከጀመረም በኋላ መግባቱን ይቀጥላል፣ የዘገየ መዝጊያ ጥቅሙ የሚታየውም ያን ጊዜ ነው።

የቢዬላውን (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ርዝመት 165.1 ሚሊሜትር አድርጌ አስልቼዋለሁ። በፋብሪካው ካምሻፍት ቫልቩ ሲዘጋ ፒስተኑ ለመጨመቅ የሚቀረው ጉዞ 73.5 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የ8.8 ሬሾም በተግባር 7.4 አካባቢ ይሆናል። ሬሾውን ሳይነኩ አዲሱን ካምሻፍት ቢገጥሙ የሚቀረው ጉዞ ወደ 65 ሚሊሜትር ይወርዳል፣ ተግባራዊው ሬሾም 6.7 ይሆናል። ይህ ሞተር በከተማ ውስጥ የደከመ፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) የሚንቀጠቀጥና ቤንዚን የሚያባክን ሆኖ ያገኙታል። የፋብሪካውን 7.4 መልሶ ለማግኘት የመጽሐፉ ሬሾ ወደ 9.8 ከፍ ማለት አለበት።

የ10.5ቱ ሐሳብ በዚሁ ካምሻፍት ተግባራዊውን ሬሾ 8 አካባቢ ያደርሰዋል። ለዘመናዊ የአልሙኒየም ቴስታታ ይህ ብዙ አይደለም፤ ለእርስዎ የብረት ቴስታታና ለ95 ኦክቴን ግን አፋፍ ላይ መቆም ነው። በፋብሪካው ካምሻፍት ላይ 10.5 ቢደረግማ 8.9 ይደርሳልና ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረግጡ ማንኳኳቱ (ድብልቁ በራሱ መንደዱ) አይቀርም።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የካምሻፍት ሻጮች ዲግሪውን የሚቆጥሩበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ቫልቩ ገና ከመቀመጫው ሲነሳ ጀምሮ ይቆጥራል፤ ሌላው ታፔቱ (በካምሻፍቱ ጉብታ ላይ የሚያርፈው ገፊ) 1.27 ሚሊሜትር ከተነሳ በኋላ ይጀምራል። ያንኑ ካምሻፍት በሁለቱ መንገድ ቢለኩት የብዙ ዲግሪ ልዩነት ይመጣል። ስለዚህ 70 የተባለው በየትኛው መለኪያ እንደሆነ ሳያረጋግጡ ከላይ ያሰላሁትን አይመኑት።

ረጅም መንገድ

የቶርኖ ቤትን ስሌት አልቃወምም፤ ነገር ግን ጥያቄው የተጀመረው ከተሳሳተው ጫፍ ይመስለኛል። መጀመሪያ የሚመረጠው ሬሾው ወይም ካምሻፍቱ ሳይሆን ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራበት ዙር ነው። መኪናው በደቂቃ ከ2000 እስከ 4000 ዙር ባለው ውስጥ የሚውል ከሆነ የ284ቱ ጥቅም የሚጀምረው እርስዎ በጥቂቱ ከሚደርሱበት በላይ ነው። ማስገቢያውን በ62 ዲግሪ አካባቢ የሚዘጋ መካከለኛ ካምሻፍት ቢመርጡ ያንኑ 7.4 ለማግኘት 9.2 ሬሾ ይበቃዋል፤ ብዙ ብረት ማስላግም አያስፈልግዎትም። የብሬክ አጋዥ ሰርቮ ካለዎት ደግሞ ሁለቱ ቫልቮች አብረው ተከፍተው የሚቆዩበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር ሰርቮው የሚሠራበት በሚኒሞ ላይ ያለው ቫኪዩም እየደከመ እንደሚሄድ አይዘንጉ።

እንዲሁም የሚነዱበት ቦታ ከፍታ ይታሰብበት። ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በሩብ ያህል ስለሚያንስ ሞተሩ ከፍ ያለውን ሬሾ ሳያንኳኳ ይሸከማል። ወደ ቆላ የሚወርድ መኪና ግን ይህ እፎይታ አይኖረውም፤ ስለዚህ ሬሾው መወሰን ያለበት መኪናው በሚደርስበት ዝቅተኛ ቦታ ልክ ነው።

ባለኤምጂቢ (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የ284ቱ ካምሻፍት ተገዝቶ እጄ ገብቷል፤ ሻጩም 70 ዲግሪው ቫልቩ መቀመጫው ላይ ሲያርፍ የተለካ መሆኑን አረጋግጦልኛል። ስለዚህ በእሱው መሥራት እፈልጋለሁ። 9.8 ለመድረስ ከቴስታታው ምን ያህል ይላግ?

ቶርኖ ቤት

ሳይለኩ ለማንም ቁጥር አይስጡ፤ እኔም አልሰጥዎትም፤ የመለኪያውን መንገድ ግን እነግርዎታለሁ። አንዱ ሲሊንደር 449.8 ሲሲ ይጠርጋል። ሬሾው 8.8 ሲሆን ከፒስተኑ በላይ የሚቀረው ባዶ ቦታ 57.7 ሲሲ ነው፤ 9.8 ሲሆን ደግሞ 51.1 ሲሲ። ከየሲሊንደሩ 6.6 ሲሲ መቀነስ አለበት ማለት ነው። ይህ ባዶ ቦታ የአራት ነገሮች ድምር ነው፦ የቴስታታው ጉድጓድ፣ የጋርኒሲዮኑ (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ውፍረት፣ በፒስተኑ ራስ ላይ ያለው ሳህን መሰል ስርጉድ፣ እንዲሁም ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከብሎኩ ፊት በታች የሚቀረው ክፍተት። ተጨምቆ 1 ሚሊሜትር የሚቀር ጋርኒሲዮን ብቻውን ከ5 ሲሲ በላይ ይይዛል።

ጉድጓዱን ለመለካት ቫልቮቹንና ካንዴላውን ግጠሙ፣ የቴስታታውን ፊት በትንሽ ግሪስ ቀብታችሁ ቀዳዳ ባለው የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ሳህን ክደኑት፣ ከዚያም በሲሲ በተከፋፈለ መርፌ ቀጭን ዘይት ወይም ቀለም የተጨመረበት ውኃ የአየር አረፋ እስኪጠፋ ሙሉት። የገባው መጠን የጉድጓዱ ልክ ነው። አራቱንም ለኩ፤ በመካከላቸው ከግማሽ ሲሲ በላይ ልዩነት ካለ ትንሾቹን በመሞረድ ወደ ትልቁ አምጧቸው።

የጉድጓዱ አፍ ስፋት ለምሳሌ 35 ካሬ ሴንቲሜትር ቢሆን 1 ሚሊሜትር ማስላግ 3.5 ሲሲ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 6.6 ሲሲ በሙሉ ከቴስታታው ይምጣ ቢባል 1.9 ሚሊሜትር ያህል መላግ ይኖርበታል፤ ይህን ያህል ማንሳት ቴስታታውን ያሳሳል። ሳህናቸው ጠለቅ ያላለ ፒስተኖች ፈልጋችሁ ሸክሙን ብትከፋፍሉት ይሻላል።

ሌላው መንገድ ካምሻፍቱን በ4 ዲግሪ ማስቀደም ነው። ማስገቢያው በ66 ዲግሪ ይዘጋል፣ 9.5 ሬሾም 7.4ን ለመመለስ ይበቃል። ይህን የምትሠሩት ግን በክራንክ ሻፍቱ ላይ ባለ 360 ዲግሪ ሰሌዳ፣ በታፔቱ ላይም ዳያል ጌጅ አስራችሁ እንጂ የጥርሶቹን ምልክት በማየት አይደለም። ሰንሰለቱና ጥርሱ በጥቂት ዲግሪ የሚያሳስቱባቸው ሞተሮች ብዙ ናቸው።

ቴስታታው ከተላገ በኋላ ቫልቮቹ ወደ ፒስተኑ ይቀርባሉ። በፒስተኑ ራስ ላይ የልጆች መጫወቻ ጭቃ አድርጋችሁ ቴስታታውን በአሮጌ ጋርኒሲዮን እሰሩ፣ የቫልቭ ክፍተቱንም አስተካክላችሁ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩት። ጭቃውን በምላጭ ቆርጣችሁ ስትለኩ በማስገቢያው በኩል ከ2 ሚሊሜትር፣ በማስወጫው በኩል ከ2.5 ሚሊሜትር ካነሰ ወደኋላ መመለስ አለባችሁ።

ብልጭታ

ሁሉም የዘነጉት ዲስትሪቢዩተሩን (ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) ነው። ጠንካራ ካምሻፍት በዝቅተኛ ዙር ሲሊንደሩን በደንብ ስለማይሞላው ቃጠሎው ዘገምተኛ ይሆናል፤ ስለዚህ በሚኒሞ ላይ ከፋብሪካው የበለጠ ቅድሚያ (ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ መነሳቱ) ይፈልጋል። በከፍተኛ ዙር የሚደርስበት ጠቅላላ ቅድሚያ ግን 32 ዲግሪ አካባቢ ቢቆም መልካም ነው። የዲስትሪቢዩተሩ ሚዛን (ዙር ሲጨምር ብልጭታውን የሚያስቀድመው ክብደት) ጉዞ ካልጠበበ በቀር ሁለቱ አይገናኙም፤ መነሻውን ብቻ ከፍ አድርጎ መተው ላይኛውንም አብሮ ያስቀድመዋል፣ እናንተ ሬሾው በዛ ብላችሁ የምታማርሩት ማንኳኳትም ከዚያ ሊመጣ ይችላል። የኤስዩ ካርቡራቶሮቹ ነዳጅ መጣኝ መርፌም ከአዲሱ የአየር አሳሳብ ጋር ይቀየራል።

አዲሱን ካምሻፍት ከአሮጌ ታፔቶች ጋር ፈጽሞ አይግጠሙ። መጀመሪያ ሲነሳ በሚኒሞ አያቆዩት፤ ዚንክ ያለበት ዘይት አድርገው ከ2000 እስከ 2500 ዙር ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል ይያዙት፤ ምክንያቱም ዘይቱ ወደ ጉብታዎቹ የሚረጨው ክራንክ ሻፍቱ በፍጥነት ሲዞር ነው። ኮምፕሬሽኑንም በጌጅ የሚለኩት ከዚያ በኋላ ሞተሩ እንደሞቀ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው የካርቡራቶሩ በር ሙሉ በሙሉ እንደተከፈተ ነው።