የሰሊጥ ሰራተኛ ልጆች ፕሮፖዛል፦ አስተያየት እስከ ሐሙስ

ፀሐፊ፦ ረቂቁ ወጥቷል። ሐሳቡ ያው ነው፣ መተማና ቋራ ለሰሊጥ የሚወርዱ ሰዎች ልጆች ዩኒቨርሲቲ ደርሷቸው እንዳይቀሩ መሳፈሪያ፣ የአንድ ሴሚስተር የኪስ ብርና ቱቶር። ካዝና ውስጥ 80 ሺህ አለ።

የመተማው፦ ዋናው ጊዜው ነው። ሰሊጥ ደርሶ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ ይረግፋል፣ ስለዚህ ባለሀብቱ የቀን ክፍያ የሚጨምረው መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ነው፣ የግቢ ጥሪም ብዙ ጊዜ በዛው ሰሞን ይመጣል። ልጁ ጥሎ ቢሄድ ቤቱ ይጎዳል ቢቆይ ምዝገባ ያልፈዋል። እኔ 9 ቀን አርፍጄ ሬጅስትራር በር ላይ አልቅሻለሁ። ምግብና ዶርም በኮስት ሼሪንግ (ተመርቆ በሚከፈል) አለ፣ ምደባው ጅማ ወይ ዲላ ከሆነ ግን በምን ይሄዳል? ብሩ ከጥሪው በፊት ይድረስ።

ኦዲት፦ ርዕሱ ላይ "የሳሉግ ልጆች" የሚለው ይውጣ፣ ስድብ ነው።

የመተማው፦ የምን ስድብ፣ ስራ ነው። አባቴ ሳሉግ ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦ ሳሉግ እኮ እዛው ቆላ የከረመው የቀን ሰራተኛ ነው፣ ከደጋ ወርዶ አርሞ የሚመለሰውን አይጨምርም።

መምህሯ፦ "ወቅታዊ የእርሻ ሰራተኛ" በሉት።

ገንዘብ ያዥ፦ እንደዛ ከሆነ ደግሞ የከረመው ሊወጣ ነው።

ኦዲት፦ አንተ ኮርተህ ትለዋለህ፣ ዶርም ውስጥ ልጁን በዚህ ስም ሲጠሩትስ?

የመተማው፦ ያፈርክበት አንተ ነህ! አምና በአርማው ቀለም ስንጨቃጨቅ ጥሪው አለፈን።

ኦዲት፦ አባትህን አላልኩም ወንድሜ። ይቅርታ። ስሙ ግን ይውጣ።

መምህሯ፦ ቱቶር አስተባብራለሁ ያለው ልጅ የት ገባ? ሪሜዲያል (ማካካሻ ትምህርት) የገቡት 50 ካላመጡ እኮ አለቀላቸው፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ስልክ አያነሳም።

ፀሐፊ፦ "የገቢ ችግር ያለባቸው ተማሪዎች" ብዬ ቀይሬዋለሁ፣ ሁሉንም ያስማማል።

ገንዘብ ያዥ፦ እንዲህ ከሆነ የከተማውም ልጅ ገባ ማለት ነው፣ 80 ሺህ ለመሳፈሪያ አይበቃም። ቦርሳና ደብተር እንግዛ፣ ለሁሉም ይዳረሳል።

ኦዲት፦ እደግፋለሁ፣ ደረሰኝም አለው።

ፀሐፊ፦ እሺ፣ መሳፈሪያው ለሁለተኛ ዙር ይቆይ። ቱቶሩን ሰው እስኪገኝ አውጥቼዋለሁ።

የመተማው፦ አጨዳ ላይ ያለ ልጅ ቦርሳውን የት ነው የሚቀበለው? 4 ልጆች አውቃለሁ፣ ምደባቸውን እያዩ ነው።

ፀሐፊ፦ ስማቸውን በውስጥ ላክልኝ። ማኅተሙ ማን ጋ ነው ያለው?