ከብርበራ ትእዛዙ ውጭ የተያዘ ስልክ፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(5) ወይስ በአንቀጽ 26?

ሰላም ለሕግ ባለሙያዎች። በጥብቅና የያዝኩት የወንጀል ጉዳይ የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ በመሰማት ላይ ነው። የብርበራ ትእዛዙ የሚለው «አንድ ላፕቶፕና የሽያጭ ደረሰኞች» ብቻ ነው፤ የሌሊት ፈቃድም የለበትም። ፖሊስ የገባው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሲሆን የተከሳሹን ሞባይል ጨምሮ ወስዷል። ተከሳሹ የስልኩን የይለፍ ቁጥር የሰጠው ጣቢያ ውስጥ፣ «ካልከፈትክ ሚስትህንም እናስራለን» ሲባል ነው። አሁን ከስልኩ የወጡት የቴሌግራም መልእክቶች በሰነድ ማስረጃነት ቀርበዋል።

የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 33 በትእዛዙ ካልተጠቀሰ ዕቃ መያዝን ይከለክላል፤ ፍርድ ቤት በግልጽ ካላዘዘ በቀርም ብርበራው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው። ያለ ትእዛዝ መበርበርን የሚፈቅደው አንቀጽ 32ም ፖሊሶቹን አያድናቸውም፤ የሚያሳድዱት ሰው አልነበረም፣ ትእዛዝ ለማውጣትም ጊዜ አግኝተዋል። ማስረጃው እንዳይቀበል በአንቀጽ 146 (ማስረጃን ስለመቃወም) ተቃወምኩ። ችሎቱ ግን ጥሰቱ መርማሪውን ያስጠይቅ እንደሆን እንጂ ማስረጃውን አያስቀርም አለ።

እውነት ለመናገር ክፍተቱ ሕጉ ውስጥ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ብርበራን ይገድባል፣ ሲጣስ ማስረጃው ምን እንደሚሆን ግን አይናገርም። በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም የሚለው አንቀጽ 19(5) ነው። ዐቃቤ ሕግ ደግሞ መልእክቶቹ ተከሳሹ ከመያዙ በፊት በፈቃዱ የጻፋቸው ናቸው፣ የተገደደው ለቁጥሩ ብቻ ነው ይላል።

በዛቻ በተገኘ የይለፍ ቁጥር የተከፈተ መልእክት ራሱ በ19(5) «በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ» ነው ብሎ ለመከራከር የሚያስችል የሰበር ሰሚ ችሎት አስገዳጅ ትርጉም አለ?